ሜክሲኮ፣ ወራጅ አለ

እማዬን "ሜክሲኮ ልወስድሽ ነው" ስላት መጀመሪያ የመለሰችልኝ "ምን ልናደርግ?" የሚል ነበር። በስልክ ነው። እሷ አዲስ አበባ፣ እኔ ሜሪላንድ። የአሜሪካ ቪዛ ወጥቶላት ልትጠይቀኝ ልትመጣ ነው። የአሜሪካ ቪዛ ያለው ሰው ሜክሲኮ ለመግባት ሌላ ቪዛ ስለማይጠየቅ፣ እግረ መንገዳችንን አንድ ሳምንት ባሕር ዳርቻ ላሳርፋት ብዬ ነው። "ባሕር ታያለሽ" አልኳት። ዝም አለች። ከዚያ "ሜክሲኮ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ባሕር ያለው?" ብላ አሳቀችኝ።

ለአዲስ አበባ ሰው ሜክሲኮ አገር አይደለም። የታክሲ መያዣ ነው። ረዳቱ "ሜክሲኮ! ሜክሲኮ! አንድ ሰው የቀረው!" እያለ ጉሮሮው እስኪሰነጠቅ የሚጮህለት፣ ባቡሩ ከላይ የሚያልፍበት፣ ሰው ተሰልፎ የሚያመሽበት ቦታ ነው። እኔ ራሴ ሜክሲኮ የሚባል አገር እንዳለ ያወቅኩት አደባባዩን ካወቅኩ በኋላ ነው። ያኔም አገሩ የተሰየመው በአደባባዩ መስሎኝ ነበር።

የሄድነው ቬራክሩዝ ነው። የእኛ ሰው ሜክሲኮ ከሄደ ካንኩን ነው የሚሄደው፤ ልደት፣ ጫጉላ፣ ሰማያዊ ውኃ ላይ ፎቶ። ቬራክሩዝ እንደዚያ አይደለም። የጥንት ወደብ ነው። ውኃው ግራጫ ነው፣ አንዳንዴም ቡናማ። ባሕሩ ላይ ከዋናተኛ ይልቅ ኮንቴይነር የጫነ መርከብ ይበዛል። ለፎቶ ብላችሁ ከሆነ ይቅርባችሁ።

በአስጎብኚ መጎብኘት ብዙም አይመቸኝም። ከሰው ኋላ ተሰልፎ መሄድ ትምህርት ቤት ያስታውሰኛል። አንዱን ነገር ገና መውደድ ስትጀምሩ "እንሂድ" ይባላል፤ ዕቃ መሸጫው ጋ ሲደረስ ግን ጊዜው እንደ ጉድ ይተርፋል። ግን የእማዬ ጉልበት አለ። ደም ግፊቷ አለ። ሐምሌ ላይ ደግሞ የቬራክሩዝ ወበቅ እንደ እርጥብ ብርድ ልብስ ነው፤ ከሆቴል በር ወጥታችሁ አሥር እርምጃ ሳትሄዱ ልብሳችሁ ይጣበቅባችኋል። ስለዚህ ሆቴሉ መግቢያ ላይ የተለጠፈውን "የግማሽ ቀን የከተማ ጉብኝት" አይቼ ለሁለታችን ከፈልኩ።

ዓርብ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሚኒባሱ መጣ። እማዬ ነጠላዋን ደርባለች። "በዚህ ሙቀት?" ብላት "ቤተ ክርስቲያን አለ አላልሽም?" አለችኝ። ውስጥ አሥራ አንድ ሰው አለ፣ ከእኛ በቀር ሁሉም ሜክሲኳውያን። አስጎብኚያችን ሃምሳውን ያለፈ ሰው ነው፤ ጓያቤራ የሚሉትን ፊቱ ላይ እጥፋት ያለው ነጭ ሸሚዝ ለብሷል። ፀጉሩ ከርዳዳ ነው፣ ሽበት ጣል ጣል ያለበት። አንዴ በስፓኒሽ፣ አንዴ ለእኔ ሲል በእንግሊዝኛ ይናገራል። እኔ ደግሞ ወደ አማርኛ እመልሰዋለሁ። እማዬ ጋ ሲደርስ ታሪኩ ግማሽ በግማሽ የኔ ሆኗል።

"ከኩባ ናችሁ?" አለን። እዚያ ጥቁር ስትሆን መጀመሪያ የምትጠየቀው ይሄ ነው። "ከኢትዮጵያ" አልኩት። ይሄኔ ከኋላ ወንበር አንዲት ሴትዮ እጇን አጨበጨበች። "ኤቲዮፒያ! የእኔ ጣቢያ!"

ሴትዮዋ የሜክሲኮ ሲቲ ሰው ናት። እዚያ ምድር ለምድር የሚሄደው ባቡር ሦስተኛው መስመር ላይ ኢትዮጵያ የሚባል ጣቢያ አለው፤ ምልክቱ የአንበሳ ራስ ነው። ሥራዋ ጣቢያው አጠገብ ነው፣ በየቀኑ እዚያ ትወርዳለች።

"ምን አለች?" አለችኝ እማዬ።

"ኢትዮጵያ ላይ ነው የምወርደው እያለች ነው።"

"እኛም ሜክሲኮ ላይ ነው የምንወርደው በያት።"

አልኳት። ሚኒባሱ በሳቅ ፈረሰ። ለእነሱ እኛ ጣቢያ ነን፣ ለእኛ እነሱ ጣቢያ ናቸው። ለምን እንደሆነ ግን ከእነሱ ውስጥ የሚያውቅ አልነበረም፤ ያወቀችው እማዬ ናት። ከወንበሯ ዞር ብላ፣ ነጠላዋን አስተካክላ፣ በ1928 ዓ.ም. ጣልያን ሲወረን ዓለም ሁሉ ጀርባውን ሲሰጠን ሜክሲኮ ጄኔቭ ላይ እንደተሟገተችልን፣ የጣልያንን ወረራ አንቀበልም ካሉት በጣት የሚቆጠሩ አገሮች አንዷ እንደነበረች ነገረቻቸው። ጃንሆይ በ1946 ዓ.ም. ሜክሲኮ ድረስ ሄደው እንደጎበኙ፣ አደባባዩም ለዚያ ውለታ እንደሆነ። እኔ እያረፍኩ ተረጎምኩ። አስጎብኚው በጥሞና ሰማ። ከዚያ ማይክራፎኑን አንስቶ ያንኑ ታሪክ ልክ ሁልጊዜ እንደሚያወራው ሁሉ በስፓኒሽ አሳምሮ ደገመው። እማዬ "ጎበዝ ነው ይሄ ልጅ" አለች።

መጀመሪያ የወረድነው ዋናው አደባባይ ላይ ነው። ዘንባባ፣ ነጭ ካቴድራል፣ ማሪምባ የሚመቱ ሁለት ሽማግሌዎች። ማታ ማታ እዚህ ዳንሶን ይጨፈራል። ከኩባ የመጣ ቀስ ያለ ጭፈራ ነው፤ አዛውንቶች ዘንጠው መጥተው፣ ወገብና እጅ ተያይዘው፣ በጥንቃቄ ይሽከረከራሉ። ጠዋት ግን ርግብ ብቻ ነው ያለው። የግማሽ ቀን ጉብኝት ይሄ ችግር አለበት፤ የከተማው ግማሽ ሕይወት በሌላኛው ግማሽ ቀን ነው የሚሆነው።

ካቴድራሉ በር ላይ እማዬ ነጠላዋን አጣፋች። ልትሳለም ግድግዳውን ነካችና ቆመች። "የእኛ አይደለም አይደል?" አለችኝ። አይደለም አልኳት። ትንሽ አሰበች። እጇን ሳመችና ገባች።

አስጎብኚው ስለ ስሙ ነገረን። ኤርናን ኮርቴስ የሚባለው ስፔናዊ መርከቦቹን ይዞ እዚህ አሸዋ ላይ የወረደው እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 22 ቀን 1519 ነው። ቀኑ ስቅለት ነበር። ለዚህ ነው ከተማውን ቬራ ክሩዝ፣ እውነተኛው መስቀል፣ ያሉት። (ከዚህ በኋላ ዓመቶቹ የፈረንጅ ናቸው፤ የእኛ ሲሆን ዓ.ም. እላለሁ።) የዛሬው ከተማ ያለበት ቦታ ላይ የረጋው ግን አንድ ሁለቴ ቦታ ከቀየረ በኋላ ነው፣ 1600 አካባቢ። ይሄን ተረጎምኩላት። እማዬ ሁለት ተቃውሞ ነበራት። አንደኛ፣ ግማደ መስቀሉ ግሸን ነው ያለው። ሁለተኛው ላይ ድምፅዋ ራሱ ተለወጠ። "ሰው ስቅለት ዕለት ይሰግዳል እንጂ አገር ይወርራል?"

ሁለተኛውን ለአስጎብኚው ተረጎምኩለት። ሳቀ። ማይክራፎኑ ላይ ግን አልደገመውም።

ከዚያ ወደ ሳንቲያጎ ግንብ ሄድን። ከተማው በ1683 ሎሬንሲዮ በሚባል የኔዘርላንድ ተወላጅ የባሕር ወንበዴ ተዘርፏል። ወንበዴዎቹ ሕዝቡን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ አጉረው ቀናት አቆዩት። ድሮ ከተማው ዙሪያውን የታጠረ ነበር፣ ዘጠኝ ግንቦችም ነበሩት። አጥሩ በ1880 ፈረሰ። በ1635 የተሠራው ይሄ አንዱ ብቻ ቀረ። ውስጡ ጥቂት የወርቅ ጌጦች አሉ፤ በ1970ዎቹ አንድ ኦክቶፐስ አጥማጅ ከባሕር ሥር ያገኛቸው ናቸው። ሰውዬው ኦክቶፐስ ሊይዝ ወርዶ ነው ወርቅ ይዞ የወጣው። ይቺን ታሪክ ወድጃታለሁ። አምስት ደቂቃ ሰጡን።

ከዚያ ቫኒላ የሚሸጥበት ሱቅ። አርባ ደቂቃ። ሰዓት ይዤ ነው። ቫኒላ የዚህ አገር ተክል ነው፤ የቬራክሩዝ ሰሜን ላይ ያሉት ቶቶናኮች ከጥንት ጀምሮ የሚያውቁት ነው። ይሄን ለማወቅ ግን አርባ ደቂቃ አያስፈልግም። ሾፌሩና ሻጯ እንደ ዘመድ ሲጨዋወቱ አየሁ። አልፈርድም፤ ላሊበላም ጎንደርም ያው ነው።

እማዬ ቫኒላ ስታሸት እኔ ደጅ ወጣሁ። አስጎብኚው ጥላ ሥር ቆሞ ሲጋራ ያጨሳል። ቅድም ከኩባ ነሽ ስላልኩሽ ይቅርታ አለኝ። "አያቴ ፀጉሯ እንደ አንቺ ነበር" አለ ቀጥሎ። "ኩባን አይታ አታውቅም። ቤት ውስጥ ግን ስለዚህ አይወራም ነበር።"

እዚያው ቆመን ነው ማይክራፎኑ ላይ የማይለውን የነገረኝ። በቅኝ ግዛቱ ዘመን ወደ ሜክሲኮ በባርነት የመጡ አፍሪካውያን ወደ ሁለት መቶ ሺህ እንደሚደርሱ ይገመታል፤ ዋናው መግቢያቸው ይሄ ወደብ ነው። አብዛኛዎቹ ከምዕራብ አፍሪካ፣ ከኮንጎና ከአንጎላ በኩል የመጡ ናቸው። ያንጋ የሚባል አንዱ በ1570 አካባቢ አምልጦ ተራራ ገባ፣ ሌሎች ተከተሉት፣ ከስፔኖች ጋር ለዓመታት ተዋጉ። በመጨረሻ ስፔኖቹ ተደራድረው የራሳቸው ነፃ ከተማ እንዲኖራቸው ፈቀዱ። ከተማዋ ዛሬም አለች። ከ1932 ጀምሮ በስሙ ያንጋ ትባላለች። የሜክሲኮ ሕገ መንግሥት ግን ለአፍሮ ሜክሲኳውያን በስማቸው ዕውቅና የሰጠው በ2019 ነው። በዓመቱ በተደረገው ቆጠራ ከሁለት ሚሊዮን ተኩል በላይ ሰው "እኔ ነኝ" አለ። "እኔም አልኩ" አለኝ አስጎብኚው፤ ሲጋራውን ረግጦ አጠፋና ሰው ሊሰበስብ ገባ።

ሳን ሁዋን ደ ኡሉዋ ያኔ ደሴት ነበረች፤ አሁን ወደቡ ስለዋጣት በመኪና ነው የሚገባው። በአንድ በኩል ክሬንና ኮንቴይነር፣ በሌላ በኩል የአምስት መቶ ዓመት ምሽግ። ግንባታው የተጀመረው በ1535 ነው። ግድግዳውን ቀረብ ብላችሁ ካያችሁት ድንጋይ አይደለም። ኮራል ነው። ከባሕር ቆርጠው አውጥተው ነው የደረደሩት። አንዳንዱ ላይ የእንስሳ አንጎል የመሰለ ጥምዝምዝ መስመር አለ፣ አንዳንዱ እንደ ማር እንጀራ ተቦጫጭሯል። እማዬ በጣቷ ተከተለችው። "ሕይወት የነበረው ነገር ነው?" አለችኝ። አዎ አልኳት። እጇን ቶሎ አነሳች።

አስጎብኚው እዚህ ጋ በጣም ፈጠነ። በ1568 እንግሊዞቹ ጆን ሃውኪንስና ፍራንሲስ ድሬክ ከስፔኖች ጋር የተዋጉት እዚህ ነው፤ ሃውኪንስ የመጣው ባሪያ ሲሸጥ ነበር። ሜክሲኮ በ1821 ነፃ ስትወጣ ስፔኖቹ ይቺን ምሽግ አንለቅም ብለው እስከ 1825 ቆዩባት፤ ከተማውንም ከዚህ ሆነው በመድፍ ደበደቡት። በ1838 ፈረንሳዮች መጡ፤ ሰበቡ ሜክሲኮ ውስጥ ንብረቴ ጠፋ ያለ አንድ ፈረንሳዊ ኬክ ጋጋሪ ስለነበረበት የኬክ ጦርነት ይባላል። በ1847ና በ1914 ደግሞ አሜሪካኖች። ለዚህ ነው ቬራክሩዝ "አራት ጊዜ ጀግና" የምትባለው። ይሄን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ነው የተናገረው፣ እየሄደ።

ከዚያ እስር ቤቱ ጋ ደረስን። ምሽጉ ለብዙ ዘመን እስር ቤት ነበር። በኋላ ፕሬዚዳንት የሆነው ቤኒቶ ሁዋሬዝ በ1853 ከአገር ከመባረሩ በፊት እዚህ ታስሯል። በአምባገነኑ ፖርፊሪዮ ዲያዝ ጊዜ ደግሞ መንግሥት የጠላቸው ሰዎች ይወረወሩበት ነበር። ክፍሎቹ ስም አላቸው። ገነት፣ መንጽሔ፣ ሲኦል። በሩ ዝቅ ያለ ነው፣ እማዬ ሳትቀር ጎንበስ ብላ ነው የገባችው። ውስጡ ይረጥባል። ጣሪያው ላይ ኖራው ወርዶ ወርዶ ሻማ መስሏል። አስጎብኚው ስልካችሁን አጥፉ አለ። አጠፋን። እጄን አላየሁትም። አንድ ቦታ ውኃ ጠብ፣ ጠብ ይላል። አንዱ ልጅ ሳቀ፣ ሌላው "ቡ!" አለ፣ እንደዚህ ዓይነት ጊዜ ሰው የሚያደርገውን ሁሉ አደረጉ።

በጨለማው ውስጥ እማዬ "ጠይቂልኝ እስቲ" አለች። "ስንቅ የሚቀበሉት በየት በኩል ነው?"

መጀመሪያ አልገባኝም። "ምን?"

"ስንቅ። ቤተሰብ ምግብ ሲያመጣ። በሩ የት ነው?"

ተረጎምኩ። አስጎብኚው መብራቱን አበራና አያት። ሃያ ዓመት እዚህ ሰው ሳመጣ ይሄን የጠየቀኝ የለም አለ። ወደ ውጭ አወጣንና በእጁ ከተማውን አሳየን። መሀሉ ውኃ ነበር፣ በጀልባ ካልሆነ አይመጣም ነበር አለ። እማዬ ርቀቱን በዓይኗ ለካችው። "እኔ እንኳ በእግሬ ነበር" አለች።

ሌሎቹ ፎቶ ሊነሡ ወደ ላይ ወጡ። እኛ ጉልበቷን ሰበብ አድርገን መሀል ሜዳው ላይ ጥላ ፈልገን ተቀመጥን።

አጎቴ ታስሮ እንደነበር አውቃለሁ። እቤታችን የሚታወቅ ነገር ነው፤ የሚወራ ግን አይደለም። በ1970 ዓ.ም.፣ በቀይ ሽብር ጊዜ፣ ከርቸሌ፣ ዓለም በቃኝ ነው የነበረው። ስንቅ የምታመላልሰው እሷ እንደነበረች ግን አላውቅም ነበር። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ወንዶቹ ከሄዱ እዚያው ይቀራሉ ተብሎ ተፈርቷል፣ አያቴ እግሯን ያማታል፣ ስለዚህ የምትላከው እሷ ናት። በአንበሳ አውቶቡስ ሜክሲኮ ትወርዳለች። ከዚያ በእግሯ። በሩ ላይ ሰልፍ አለ፣ ሁሉም ሴት ነው፣ ሁሉም ዕቃ ይዟል። ዕቃው ላይ የእስረኛው ስም ይጻፋል። ዘበኞቹ ወጡን በእንጨት ያማስሉታል፣ ደብዳቤ ተደብቆበት እንደሆነ። የጣፈጣቸውን ደግሞ ያስቀሩታል።

"ስለዚህ በርበሬ እጨምርበት ነበር" አለችኝ። "ሁለት እጥፍ። እንዳይነኩት።"

"አጎቴስ እንዴት ይበላዋል?"

"እያለቀሰ።" ሳቀች። "በኋላ ሲወጣ 'ዓለም በቃኝ የገረፈኝ ይበቃ ነበር፣ አንቺ ደግሞ በላዩ' ይለኝ ነበር።"

ዕቃው ከሰዓት ይመለሳል። ባዶ ሆኖ ታጥቦ ከመጣ ሰውየው አለ ማለት ነው። አጎቴ ሁልጊዜ ጥግ ላይ ጣት የምታክል እንጀራ ጠቅልሎ ይተዋል፤ ዘበኛ ሳይሆን እኔ ነኝ የበላሁት ለማለት። እማዬ አውቶቡስ ውስጥ ክዳኑን ከፍታ መጀመሪያ የምትፈልገው እሷን ነው። አንድ ቀን ዕቃው እንደሞላ ተመለሰ። ምንም አልተባለችም። "ውሰጂ" ብቻ። አውቶቡስ አልያዘችም፤ ሜክሲኮን አልፋ፣ ለገሃርን አልፋ፣ ያንን የሞላ ዕቃ ተሸክማ እስከ ቤት በእግሯ ሄደች። ለእናቷ ምን እንደምትል እያሰበች። ዘጠኝ ቀን እንደዚያ ቆዩ። በአሥረኛው ቀን ሌላ ክፍል አዛውረውት እንደነበር ታወቀ፤ ዕቃው ባዶ ሆኖ መጣ፣ ጥጉ ላይ እንጀራዋ አለች።

ዓለም በቃኝ አሁን የለም። ፈርሶ ቦታው ላይ የአፍሪካ ኅብረት ሕንፃ ቆሟል፣ በ2012 የተመረቀው፣ ያ ረጅሙ። ስንት ጊዜ አጠገቡ አልፌያለሁ። ስታስቡት ደግሞ ስሙ ራሱ የዚህኛው ወንድም ነው። እዚያ ዓለም በቃኝ፣ እዚህ መንጽሔ። የሜክሲኮ አብዮት መሪ የነበረው ካራንሳ በ1915 ይሄኛውን እስር ቤት ዘጋው፤ አሁን ሙዚየም ነው፣ በትኬት ትገባላችሁ፣ ጨለማውንም ያቀምሷችኋል። የእኛው ጋ የሚገባበት በር የለም። የቱ እንደሚሻል እማዬን ጠየቅኳት። "ሕንፃው ጥሩ ነው" አለች። ቀጥላ "ግን በሩ የት ጋ እንደነበር ልጠቁምሽ ብል አልችልም" አለችኝ።

አስጎብኚው እጁን አጨበጨበ። እንሂድ። ምሽጉ ውስጥ የቆየነው ከሱቁ ያነሰ ነው፤ ሠላሳ አምስት ደቂቃ።

ሁሉም ቡና ፈልጓል። የወሰዱን ባሕሩ ዳር ያለው ፓሮኪያ የሚባለው ቡና ቤት ነው፤ ከ1808 ጀምሮ አለ ይላሉ። ትልቅ፣ ጫጫታ ያለው፣ አስተናጋጆቹ ነጭ የለበሱ። እዚህ የሚጠጣው ሌቼሮ ነው። በረጅም ብርጭቆ ከታች ትንሽ ወፍራም ቡና ይመጣላችኋል። ከዚያ ብርጭቆውን በማንኪያ ትመታላችሁ፤ ቅጭል፣ ቅጭል። ወተት የያዘው አስተናጋጅ ከየትም ብቅ ይላል፣ ጀበናውን ከፍ አድርጎ ከላይ ያወርደዋል፣ አረፋ ይሠራል፣ አንዲት ጠብታ አያፈስም። ቤቱ ሙሉ ሲቃጨል ቅዳሴ ላይ ያለ ጸናጽል ይመስላል። በየጠረጴዛው ጥሪ አለ።

ችግሩ ዓርብ መሆኑ ነው። እማዬ በመድኃኒቱ ምክንያት እስከ ዘጠኝ ሰዓት አትጾምም፣ ወተት ግን በፍጹም። ጥቁር ቡና አዘዝኩላት። ቀመሰችው። ስትቀምስ ሳያት ፈተና እንደምታርም አስተማሪ ናት። "አልከፋም፣ ግን ቆልተው አሳደሩት" አለች። ቡናው ከሃላፓ በኩል ካለው ደጋ የሚመጣ ነው። "ዘሩ የእኛ ነው በይው" አለችኝ። አስጎብኚው ከእኛ ጋር ነበር የተቀመጠው፣ አልኩት፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ አመሰገናት፣ የምር።

እኔ ደግሞ አላስችል ብሎኝ "በርበሬ ግን የእነሱ ነው" አልኳት። እውነት ነው። ቃሪያውም በርበሬውም መጀመሪያ የለማው በዚህ አገር ነው፤ ወደ ሌላው ዓለም የወጣው ስፔንና ፖርቱጋል ወደ አሜሪካ አህጉር መመላለስ ከጀመሩ በኋላ ነው። በቆሎም፣ የቁልቋል በለስም እንደዚያው።

"በርበሬማ የማረቆ ነው" አለች።

"ማረቆ የገባው በኋላ ነው እማዬ።"

ማንም ሰው እናቱን ስለ በርበሬ ተከራክሮ አሸንፎ አያውቅም። ግን ዝም ብላ ቆየችና ወደ አስጎብኚው ዞረች። "እንዲያማ ከሆነ ያንን ዘበኛ ያቃጠልኩት በእናንተ በርበሬ ነው በይው።" የቅድሙን ታሪክ ስላልሰማ ከመጀመሪያው ጀምሬ ልነግረው ሆነ። እየነገርኩት ማንኪያውን ብርጭቆው ላይ አስቀመጠ። ስጨርስ አልሳቀም። በሚቀጥለው ጉብኝት ስለ ስንቁ ጥያቄ ለሰዎቹ ልናገር ወይ ብሎ አስፈቀዳት። እማዬ ፈቀደች። "የጀልባውንም ጨምርበት" አለች።

የእኔ ቡና ገና ወተት አልገባበትም ነበር። ማንኪያውን ከእጄ ወስዳ ራሷ መታችው። ሁለቴ። አስተናጋጁ ሲመጣ ደስ አላት፣ እንደ ልጅ። ቀጥሎ የአጠገባችንን ጠረጴዛም ልትመታላቸው ነበር።

የመጨረሻው ማረፊያ የዓሣ ሙዚየሙ ነበር። ተሳፈርን። ሚኒባሱ መቶ ሜትር እንኳ ሳይሄድ እማዬ በመስኮቱ አይስክሬም የሚሸጡትን አየች። ባለ ሱቆቹ በራቸው ላይ ቆመው አላፊ አግዳሚውን "ዌሮ! ዌሮ! ዌራ! ዌራ!" እያሉ ይጣራሉ። እና እናቴ ስድሳ አራት ዓመቷ፣ ሜክሲኮ ውስጥ፣ ለሜክሲኳዊ ሾፌር፣ ጮክ ብላ "ወራጅ አለ!" አለች።

ሾፌሩ ቆመ። ምን እንደገባው አላውቅም።

አስጎብኚው ስቆ በሩን ከፈተልን። ጉርሻ ሰጠሁት፣ እማዬ ጉንጩን ሦስት ጊዜ ሳመችው። የሜክሲኮ ሲቲዋ ሴትዮ በመስኮት እጇን አወጣችና "ኤቲዮፒያ!" ብላ ጮኸች።

ባለ አይስክሬሙ ወደ እማዬ እጁን ዘርግቶ "ዌራ! ዌራ!" አላት። ምን እያለኝ ነው አለች። ዌራ ማለት ነጣ ያለች፣ ቀይ ማለት ነው፤ እዚህ ለሁሉም ነው የሚሉት።

"ቀዮ እያለሽ ነው።"

"እኔን?" ክንዷን አየች። እሱን አየችው። "ውሸታም" አለችና ከት ብላ ሳቀች። ወተት የሌለበት፣ በውኃ ብቻ የተሠራ ማንጎ ነበራቸው፣ እሱን ገዛሁላት። በዚያ ሙቀት ለመብላት ጊዜ አይሰጥም፤ ቶሎ ይፈሳል። ባሕሩን ይዘን ስንሄድ ምሽጉ ከማዶ ይታያል። ማንጎው በእጇ ላይ ወርዶ ነጠላዋ ጥለት ላይ ተንጠባጠበ። መሐረብ ላወጣ ቦርሳዬን ስከፍት "ተይው፣ ይታጠባል" አለችኝ።